ሁመድ መንደራችንን የለካ ሰሞን

ሰው መሬት ሲለካ ካየሁ እስከ ዛሬ ለማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አላልፍም። የልጅነት ጓደኛዬ ሙሉመቤት ከሰንጋ ተራ የሄደችው እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ሁለት ወጣቶች ሜትር ይዘው መጡ። የሚጠጣ ውሃ ጠየቁ፣ ሰጠቻቸው። ጠጥተው አመስግነው በሯ ላይ በቀይ ቀለም ጻፉ። ዓመት ሳይሞላ እሷ ጀሞ ገባች፣ ቤቷ የፎቅ መሠረት ሆነ። ዛሬም ስትደውልልኝ «ወርቄ፣ ያን ውሃ ባልሰጣቸው ኖሮ» ትላለች። ነገሩ በውሃው እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን ሰው የሚያመካኝበት ነገር አያጣም።

እንግዲህ ባለፈው ግንቦት ከልደታ ማርያም ኪዳን አድርሼ ስመለስ፣ ጎረቤቴ ሁመድ ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና አግድም ይዞ በመንደራችን መሀል ሲሄድ አየሁትና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አጣናው ጫፍና ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። መሀሉን ጨብጦ ቀስ እያለ ይራመዳል። ጫፉ የሰው አጥር በነካበት ይቆምና ከኪሱ ከሰል አውጥቶ አጥሩን ጫር ያደርጋል። የኔ አጥር ጥግ ሲደርስ ቆርቆሮውን ገጭ አደረገው። ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና መጣ፣ እንደገና ገጭ። ከዚያ ከሰሉን አወጣና ከሌሎቹ ረዘም ያለ መስመር አሰመረ።

«ምን እያደረግክ ነው ሁመድ?» አልኩት።

«እንዴት አደሩ እትዬ ወርቅአፈራሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን እያደረግክ ነው?»

«ትንሽ ነገር እያየሁ ነው» አለና አጣናውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ።

ትንሽ ነገር!

ሁመድ ከወሎ፣ ከሐይቅ በኩል፣ ጢም ሳያበቅል የመጣ ሰው ነው። መጀመሪያ መንገድ ሥራ ላይ ችካል ተሸካሚ ነበር፤ ቆይቶ ግሬደር ነጂ ሆነ። በወጣትነታችን ለወራት ይጠፋና አንድ ቀን ቅንድቡ ላይ አቧራ ጭኖ፣ ለሚስቱ ለጀነት ማር ይዞ፣ ከሜክሲኮ በኩል ብቅ ይላል። ጀነት ሪሀናን ስትወልድ እሱ የት አገር እንዳለ አታውቅም ነበር። ምጧ ሲመጣ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። እሱ የደረሰው ልጅቷ መሳቅ ስትጀምር ነው። ገባ፣ ልጅቷን አቀፈ፣ ከዚያ ወለሉን አየና «ይሄ ወለል ወደ በሩ ያዘነብላል» አለ። ጀነት ይህችን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳችለትም። «እኔን መች አይቶኝ ያውቃል፤ እሱ የሚያየው መሬት ነው» ትላለች።

እውነቷን ነው። ለቅሶ ቤት ሄዶ እንኳ ድንኳኑ የተተከለበትን መሬት ነው የሚያየው። የሚናገረው ጥቂት ነው። ዝምተኛን ደግሞ ሰው አያምንም። ጡረታ ሲወጣ ከአንድ የተዘጋ እርሻ ያረጀች ትንሽ ትራክተር ገዝቶ መጣ። ያን ጊዜ ደጉ «ልደታ ላይ ጤፍ ሊዘራልን ነው!» እያለ ሰፈሩን በሳቅ ገደለው። ደጉ ጡረተኛ ዘበኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መጋዘን ሲጠብቅ ስለኖረ ሰው ሁሉ ሊሰርቅ የመጣ ይመስለዋል። ሁመድ ግን በትራክተሯ ለኮንዶሚኒየሞቹ ግቢ አሸዋና ጠጠር ያመላልስ ጀመር፤ ሳቁም ቀረ።

የኔ ቤት የመንደሩ መጨረሻ፣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ነው። የቀበሌ ቤት፣ የጭቃ ግድግዳ። መንገዳችን ጎድጎድ ስለሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር የላይኛው ውሃ ሁሉ እየተንደረደረ እኔ ደጃፍ ላይ ይወድቃል። አምና የጓዳዬ ግድግዳ ተንዶ ጎረቤት መረገልኝ። ዘንድሮ ከደገመኝ ዋናው ግድግዳ እንደማይቆም አውቄዋለሁ። የቀበሌ ቤት ደግሞ አንዴ ከወደቀ መልሶ ለማቆም ፈቃድ ይፈልጋል፤ ፈቃዱን ሳሳድድ ዕድሜዬ ያልቃል። ስለዚህ እድሩ ተሰብስቦ መንገዱ ከክረምቱ በፊት ገረጋንቲ የሚባለውን ጠጠራም አፈር ለብሶ ይደልደል አለ። ሁመድ «በኔ ትራክተር እሠራዋለሁ፣ ምላጭ ብቻ ይገዛላት» አለ። ምላጭ የሚለው ከትራክተሩ ኋላ የሚታሰር፣ አፈሩን እየላገ የሚገፋ ረጅም ብረት ነው።

እስከዚህ ሁላችንም ተስማምተናል። ግን መሬት የሚደለድል ሰው አጥር ምን ያደርግለታል?

ያን ጥያቄ ይዤ ወደ መንደራችን ባለሱቅ ወደ ሳዲያ ሄድኩ። ደጉ ቀድሞኝ ደርሷል።

«እርስዎ ጋ ስንት አሰመረ?» አለኝ።

«አንድ። ረጅም ነው።»

«ረጅም!» ደጉ ራሱን ያዘ። «በቃ፣ መጀመሪያ የሚፈርሰው እሱ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«ይሄ ይነገራል እንዴ እትዬ? ይገባል እንጂ! ትራክተሩ፣ መደልደሉ፣ ሁሉም ሰበብ ነው። ሰውዬው ቦታችንን ለክቶ ለባለሀብት ሊሰጥ ነው።»

ሳዲያ ስኳር እየመዘነች «ጋሽ ሁመድ እንኳ እንዲህ አያደርግም» አለች። ቀጥላ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እኔ ግን የኔን በኦሞ አጥቤዋለሁ» አለች።

«አጠብሽው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ እማማ? ነገ አንዱ መጥቶ ምልክት አለበት ቢለኝስ!»

ይህ በተባለ በማግስቱ መንደሩ በሙሉ አጥር አጣቢ ሆነ። ለፋሲካ እንኳ እንዲያ ታጥቦ አያውቅም። እኔ ብቻ አላጠብኩም። ሁመድን አምኜው እንዳይመስላችሁ። ምልክቱን ፈልጎ ማን እንደሚመጣ ማየት ፈልጌ ነው። በርጩማዬን ደጃፍ አውጥቼ፣ ምስር የምለቅም መስዬ ቁጭ አልኩ።

የመጣው ራሱ ሁመድ ነው። ከላይ ጀምሮ አጥር አጥሩን እያየ ወረደ። የነጣውን ቆርቆሮ በጣቱ ዳሰስ ያደርጋል፣ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ጋ ሲደርስ ፊቱ በራ።

«አልሐምዱሊላህ! ይቺ ቀርታለች። ዋናዋ ይቺ ናት።»

ዋናዋ ሲል ምስሬን አስቀምጬ ተነሳሁ። «ለማን ነው ዋናዋ? እስቲ ፊት ለፊት ንገረኝ፤ ለማን ነው የምትለካልን?»

«ለምላጩ ነዋ!»

«ውሸትህን ነው!»

ሁመድ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር። «ወላሂ እትዬ፣ ነገ ልገዛው እሄዳለሁ። ካላመኑኝ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ» አለኝ። እንደማልሄድ ተማምኖ ይሆናል። ሄድኩበት።

በሰንጋ ተራ በኩል አለፍን። የሙሉመቤት በር የነበረበትን ፈለግኩት። መስታወት ብቻ ነው፤ የራሴን ነጠላ አየሁበት። እሱ አጣናውን ተሸክሞ ፊት ፊቴ ይሄዳል፣ እኔ ከኋላው ከኋላው። ወዴት እንደሚወስደኝ እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም።

ሱቁ የእርሻ ዕቃ መሸጫ ነው። ባለቤቱ ነስረዲን የሚባል ጨዋታ የሚወድ ጎልማሳ ነው። ሦስት ምላጮች በቁመት ግድግዳ አስደግፏል፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ።

«ማዘር፣ እርስዎም ትራክተር ይነዳሉ?» አለኝ።

«የሚነዳውን ነው የምጠብቀው።»

ሳቀና ወደ ሁመድ ዞረ። «ጋሽ ሁመድ፣ ትልቁን ውሰድ። አንዴ ሄደህ አንዴ ስትመለስ አለቀልህ!» ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደውና በጆሮው አንድ ነገር አለው። ይኸውላችሁ፣ አልኩ በሆዴ፤ ተስማሙብኝ።

«ጮክ ብላችሁ አውሩ!» አልኳቸው።

«ቅናሽ አደርግልሃለሁ ነው ያለኝ» አለ ሁመድ። «ትልቁ ግን አይሆነንም። ትራክተሯ ቀላል ናት፤ ገረጋንቲው ሲሞላበት ጎማዋ እዚያው ይሽከረከራል እንጂ አትጎትተውም። በመንደሩም አያልፍም።»

«እንግዲያ ትንሹን ውሰዳ! በሁሉም ቦታ ያልፋል፣ የማንንም አጥር አይነካም።» ትንሹን እምቢ ካለ ተንኮል አለው ብዬ ነው የጠየቅኩት።

እምቢ አለ። ከዚያ ከሱቁ ውስጥ ሁለት አሮጌ ጎማዎች አንከባሎ አምጥቶ እንደ ትራክተሯ የኋላ ጎማዎች አራርቆ አቆማቸው። ትንሹን ምላጭ ከኋላቸው መሬት ላይ አስቀመጠ። ቀጥ ሲል ልክ ከጎማ ጎማ ይደርሳል።

«አሁን ይዩ። አፈሩን ከዳር ካለው ቦይ ወደ መንገዱ መሀል እንዲገፋልን ምላጩ ሰያፍ መሆን አለበት።» ሰያፍ አደረገው። ጫፎቹ ወደ ውስጥ ገቡ፣ ጎማዎቹ ከውጭ ቀሩ። «ይኸው፣ ሲጋደም አጠረ። እኛ ደልድለን ስንሄድ ጎማው ከውጭ እየረገጠ መስመር ያወጣል። ውሃው ያንን መስመር ይዞ የት ይወርዳል?»

መልሱን አውቀዋለሁ። የኔ ደጃፍ።

«አጣናው የመካከለኛው ልክ ነው» አለና በትንሹ ፋንታ አጣናውን ሰያፍ አስቀመጠ። ሁለቱን ጎማዎች ሸፍኖ ተረፈ። «መንገዱ ከሁሉም በሚጠብበት በእርስዎ ጥግ ቀጥ ሲል አያልፍም፤ ምልክቱ ለዚያ ነው። ሲጋደም ግን የሚያልፍ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል? ካላለፈስ?»

አጎንብሶ የአጣናውን ቀይ ጨርቅ አጠበቀ።  «ካላለፈ ያቺን የጥግ ቋሚ ነቅለን ትንሽ ወደ ውስጥ...» ከማለቱ ጮህኩ።

«ነቅለን! ይኸው ወጣ! መጀመሪያ ቋሚ፣ ከዚያ ግድግዳ! በልደታ ስም፣ አጥሬን ብትነካ ትራክተርህ ፊት ነው የምተኛው!»

ነስረዲን በሳቅ ፈረሰ። «ጋሽ ሁመድ፣ ምላጩን ተወው፣ ማዘርን እሰራቸው። መንገዱ በፍርሃት ራሱ ይስተካከላል።»

ሁመድ አልሳቀም፤ ምላጩንም አልገዛም። «ሄደን እንለካ። ካላለፈ ሌላ መላ እፈልጋለሁ እንጂ ቋሚዎን አልነካም» ብሎ አጣናውን አንስቶ ወጣ።

መንደር ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ሰው ተሰብስቧል። ሁመድ አጣናውን ሱቅ ውስጥ እንዳደረገው አጋደመና መምጣት ጀመረ። እኔ ሌላ ሰው እንዲያይልኝ አልፈለግኩም። አጥሬ ጥግ ቆሜ፣ መዳፌን ቆርቆሮው ላይ ከሰሉ ምልክት አጠገብ ለጠፍኩ። አጣናው መጣ፣ መጣ፣ ቀዩ ጨርቅ የእጄን ጀርባ እንደ ላባ ዳሰሰኝና አለፈ።

«ነካ?» አለኝ።

«እጄን ነካ። አጥሬን አልነካም።»

«ኢንሻአላህ ምላጩም እንዲሁ ነው።» በዚያው ተመልሶ መካከለኛውን ገዛ።

የድልደላው ቀን ደጉ ከትራክተሯ ጎን ጎን፣ እንደ ጥበቃ፣ ዱላውን ይዞ ነበር የሚሄደው። ሁመድ የኔ ጥግ ከመድረሱ በፊት ወረደ፣ ምላጩን የሚይዘውን ፒን ነቀለ፣ ምላጩን ይበልጥ አጋደመው፣ ፒኑን መለሰ። ስታልፍ ዓይኔን ልጨፍን አሰብኩና ተውኩት፤ ጨፍኜ ቢገጨኝስ? አልገጨም። ገረጋንቲው እንደ ሊጥ እየተጠቀለለ ከቦዩ በኩል ወደ መሀል ዞረ፤ ከኋላዋ የጎማ መስመር የሚባል አልቀረም።

ሰኔ ሲገባ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ዶፍ ወረደ። ዕቃዬን አልጋ ላይ ከምሬ፣ መጥረጊያዬን ይዤ ደጃፍ ቆምኩ። ውሃው ከላይ ቡናማ ሆኖ መጣ። ፊት ፊቱ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይንሳፈፋል። ዓይኔን ከጠርሙሱ አላነሳሁም። ወደኔ፣ ወደኔ፣ ወደኔ... ጥጉ ላይ ሲደርስ ጋደም አለና ቦዩ ውስጥ ገባ። ውሃው ሁሉ ተከትሎት ሄደ።

ቀና ስል ሁመድ የጀነትን አበባ ያለበት ጃንጥላ ይዞ መንገዱ መሀል ቆሟል። የሚያየው መሬቱን ነው።

«ግባ እንጂ፣ ትበሰብሳለህ!»

«እዚህ ጋ ትንሽ ታዘነብላለች» አለ ለራሱ። ከዚያ አጥሬን አየ። «አሁንስ ያቺን ምልክት አያጥቧትም?»

«አላጥብም።»

«ለምን?»

«የማን እንደሆነች አውቃታለሁ። ነገ ሌላ ምልክት ብትመጣ እለያታለሁ።»

ሁመድ ሳቀ። ደጉ ከሳዲያ ሱቅ ቆርቆሮ ሥር ሆኖ «አትሳቅ!» ብሎ ጮኸ። «መንገዱ አማረ ማለት መኪና ይገባል፤ መኪና ገባ ማለት ባለሀብት ይገባል! እኔ ምን ቸገረኝ፣ ተናግሬያለሁ!»

እኔም ሳቅኩ። ሁለቱም ወደየቤታቸው ሄዱ። ወደ ውስጥ ገብቼ የጓዳዬን ግድግዳ ከታች ጀምሬ በመዳፌ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው። ቢሆንም ዕቃዬን ያን ቀን ከአልጋው ላይ አላወረድኩም።