አውድማ ላይ የተከልኩት ድንኳን

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ደብረ ታቦር

ጎህ ሲቀድ ሞተሬን አስነሣሁ። ኅዳር ስለሆነ መሪው በውርጭ ቀዝቅዟል። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ እስቴን፣ ስማዳንና ጋይንትን በሞተር ለመዞር የሚነሣ ሌላ ሰው በደብረ ታቦር ካለ ስሙን ንገሩኝ። ከኋላዬ የታሰረው ድንኳን የገዛ እጄ ሥራ ነው። ስፌት ማንም አላስተማረኝም። ሬዲዮ መጠገንም፣ ሞተር ፈትቶ መግጠምም፣ አሁን እንደምታነቡት አድርጎ መጻፍም እንዲሁ። ከአራተኛ ክፍል በኋላ ያለውን ሁሉ ለራሴ ያስተማርኩት ራሴ ነኝ።

ሐሳቡ የመጣልኝ ከስልኬ ነው። ፈረንጆች ድንኳን በሞተር ጭነው አውሮፓን ይዞራሉ። ሲመሽባቸው ለድንኳን ተብሎ የተደለደለ፣ ሣሩ የታጨደ፣ ውኃ የገባለት ሜዳ ያገኛሉ። ተክለው ያድራሉ፣ ነቅለው ይሄዳሉ፣ የማንንም በር አያንኳኩም። እኔም የማንም ቤት ሳልገባ፣ የማንንም እጅ ሳላይ አምስት ቀን ልዞር ለራሴ ቃል ገባሁ።

ባለቤቴ በር ላይ ቆማ፣ «ሰው ጠፍቶ ነው ሜዳ የምታድረው?» አለችኝ። የቋጠረችልኝን በሶ ተቀብያት ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ መካነ ኢየሱስ

ጉና በግራዬ ግማሽ ቀን አብሮኝ ተጓዘ። እንደዚህ ያለ ተራራ ፈረንጅ ቢያገኝ አጥር አጥሮ ያስከፍልበት ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገብሱ ታጭዶ ነዶው ተደርድሯል፤ ስንዴው ገና ቢጫ ነው። ወደ ደብረ ታቦር የሚወርድ አውቶቡስ ጣራው ላይ የድንች ጆንያና ሁለት በግ ጭኖ በአቧራ አጥምቆኝ አለፈ። መካነ ኢየሱስ ደርሼ ተጋቢኖ በላሁ። ድስቱ ሲፈላ መጥቶ እስክጨርስ ድረስ ሲንተከተክ ነበር። እንዲህ ያለ ሽሮ የሚሠራ ከተማ ክብር ይገባዋል።

ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ትምህርት ቤት ጀርባ ሜዳ አገኘሁ። ድንኳኔን ወጥሬ ሳልጨርስ ዘበኛው ደረሰ። ፈንታሁን ይባላል።

«ምንድን ነው ይሄ አባቴ? ሠርግ አለ?»

«የለም።»

ከኋላው ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ማደሪያዬ ነው።»

ፈንታሁን ሴቶቹን አየ፣ እኔን አየ። «አንቱ? ከዚህ ውርጭ ላይ? ነገ አገሩ ‹ሽማግሌ ሜዳ አሳደረ› ብሎ ስም ቢያወጣልኝስ?»

ብዙ ተከራከርን። ረታሁት፤ በክርክር ተረትቼ አላውቅም። እሱ ግን ተረትቶም አልሄደም፤ ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አምጥቶ እስክበላ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ጋቢውንም ትቶልኝ ሄደ። እስቴ እንዲህ ያለ ሰው ያበቅላል።

ረቡዕ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ከወገዳ ወዲያ

ወደ ስማዳ የሚወስደው መንገድ መንገድ ለማለት ይከብዳል። ድንጋዩ እንደ ሰው ራስ ነው። ሞተሬ ግን አንዴም አልቆመችም፤ እንዴት ብዬ እንደማስተካክላት እኔ ነኝ የማውቀው። ወገዳ ገበያ ላይ ቤንዚን በጠርሙስ ገዝቼ፣ ሽምብራ እሸት እየፈለፈልኩ ወደ ገጠሩ ወጣሁ።

ማደሪያ ፍለጋው የከበደኝ እዚህ ነው። ተዳፋት ያልሆነው ድንጋይ ነው፣ ድንጋይ ያልሆነው የታረሰ ነው። በመጨረሻ ከአንድ ጉብታ ላይ አየሁት። ክብ፣ ልሙጥ፣ ጠጠር የሌለበት ሜዳ፣ ነፋሻ ቦታ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ለድንኳን ብለው የሠሩት ይመስላል። ስማዳ አውሮፓን ቀደመች ብዬ ሞተሬን መሐሉ ድረስ ነዳሁ። አሥራ ሁለት ካስማ በመዶሻ መታሁ። ድንኳኑ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ቦት ጫማዬን እንደተጫማሁ ገብቼ ጋደም አልኩ።

«ኧረ በማርያም! ኧረ ይውጡልኝ!»

የሴት ድምፅ ነው። ወጣሁ። አንዲት ወይዘሮ ከሜዳው ጠርዝ ላይ በባዶ እግሯ ቆማለች፤ አጠገቧ ባሏ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኗል። እሷ ጠጄ፣ እሱ ይስማው ይባላሉ።

«አባቴ፣ አውድማ እኮ ነው» አለ ይስማው። «አውድማ ላይ በጫማ?»

የከተማ ልጅ ነኝ። አውድማ አይቻለሁ፤ ያየሁት ግን እህል ሞልቶበት ነው። ባዶውን፣ ገና በእበት ተለቅልቆ የደረቀውን አላውቀውም ነበር። የገብሱ ክምር ከአንድ የድንጋይ ካብ ወዲያ ስለሆነ አላየሁትም። ቀና ብዬ ሳስተውል እያንዳንዱ ካስማ የመዳፍ ያህል ልቅልቅ ገንጥሎ አፈሩን አውጥቶታል። የሞተሩ መቆሚያ አንድ ጉድጓድ ጨምሯል። በጠቅላላው አሥራ ሦስት። የሚወቃው ገብስ ከነዚያ ጉድጓዶች ገብቶ ከአፈር ይደባለቃል።

«ነገ ደቦ ነው» አለ ይስማው። «ተራዬ ነው። ነገ ካልወቃሁ ደቦው ሌላውን ቤት ሁሉ ዞሮ እስኪመለስ እጠብቃለሁ። ያንን ደግሞ አንቱው ይዩት።» በምሥራቅ በኩል ያለ ወቅቱ የመጣ ጥቁር ደመና አሳየኝ። ባለፈው ዓመት የጎረቤቱ ገብስ ክምሩ ውስጥ እንዳለ በቅሎበታል። ይህ ክምር ሰባት ነፍስ ዓመቱን ሙሉ የሚበላው ነው።

ጫማዬን አወለቅሁ። ካስማዎቹን ነቅዬ ድንኳኑን አጠፍኩ፤ ሞተሬን በእጄ ገፍቼ አወጣሁ። «ግድ የለም፣ እጠግነዋለሁ» አልኩ። «የማላውቀው ጥገና የለም። የጎማ ማጣበቂያ ይዣለሁ።»

«ልጆቼ ጎማ አይበሉም» አለች ጠጄ።

ትኩስ እበት በገበቴ አምጥታ አመድ ቀላቀለችበት። ተንበርክኬ ጀመርኩ። አምስቱን ጉድጓድ ሞልቼ በመዳፌ አሳመርኩና ቀና አልኩ። ጠጄ መጥታ አምስቱንም በጣቷ ፈልፍላ አወጣችው።

«ምነው እህቴ? አላማረም?»

«አምሯል። ላዩን ብቻ ነዋ የሸፈኑት! በሬ ሲረግጠው ስርጉድ ይላል። መጀመሪያ ከሥር አፈሩን በጡጫዎ ይምቱት፣ ከዚያ እበቱን፣ ከዚያ እጅዎን አርጥበው ያለስልሱት። እንደገና።»

እንደገና ሠራሁ። ስድስተኛውን አይታ አላፈረሰችውም፤ ይህንን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት። አሥራ ሦስተኛው ሲያልቅ ጉልበቴ አልዘረጋ ብሎኝ ይስማው ደግፎ አነሣኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነፋሱ ተለወጠ። ክምሩ በደንብ ስለተከመረ ዝናብ ቢመታው ውኃው በላዩ ይወርዳል። እርጥቡ እበት ግን ካፊያ እንኳ ካገኘው ታጥቦ ያድራል። ይስማው ዓይኑን ከሰማዩ አልነቀለም።

ድንኳኔን አየሁት። ጉድጓዶቹ ድንኳኑ ከነበረበት ዙሪያ፣ ገመዱ የተሳበበት ላይ ናቸው፤ እንደነበረው ቢቆም አንዱንም አይሸፍንም። ስፌቱ ከተፈታ ግን ሸራው ሁለት እጥፍ ይሰፋል። ቢላ አወጣሁ።

«አባቴ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?» አለ ይስማው።

ክሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈታሁት። በድርብ ክር የሰፋሁት ስለሆነ ለመፍታት ብዙ ታገለኝ፤ መጥፎ ሰፊ ብሆን ኖሮ ቶሎ በተገላገልን! ጠጄ አንዱን ጫፍ ይዛ፣ ይስማው ሌላውን ይዞ ዘረጋነው። እበቱን እንዳይነካ የነዶ ማንሻ መንሾቻቸውን ዝቅ አድርገን ከሥሩ አቆምን፤ ጠርዙን በድንጋይ አሰርን። ካስማ የሚባል ነገር አላነሣሁም።

እነ ይስማው ቤት እራት ስንበላ ካፊያው ጣራውን መታው። ማንም አልጎረሰም። ጥቂት ቆይቶ ሲያባራ ነው እጃችን ወደ ገበታው የተመለሰው። የዚያን ዕለት መደብ ላይ አደርኩ።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ አውድማው ላይ

ሸራውን አነሣነው። ጠጄ አሥራ ሦስቱንም አንድ በአንድ በተረከዟ ረገጠች። አንዱም አልሰረጎደም። «ይወቃ!» አለች።

ደቦው በሬዎቹን እየነዳ መጣ። ወሬው ቀድሟቸዋል።

«ድንኳን ተካዩ አንቱ ነዎት?» አለኝ አንዱ ጎልማሳ። «የእኔ አውድማ ቅዳሜ ነው፤ እንዳይመጡብኝ አደራ!»

«ይልቅ ይምጡ» አለው ሌላው፤ «የአንተን አውድማ እሳቸው ቢለቀልቁት ይሻላል።»

እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። በሬዎቹ ተጣምረው ነዶው ላይ ይዞራሉ፣ ሰዎቹ ያዜሙላቸዋል፣ መንሹ ይነሣል፣ ገለባው በነፋሱ ይሄዳል፣ ምርቱ መሐል ላይ እየተከመረ ይመጣል። ማንም ማንንም አያዝም፤ ሁሉም ቦታውን ያውቃል። ብዙ ፋብሪካ በስልኬ አይቻለሁ፤ ይህን የሚያህል የለም። እኔም መንሽ ይዤ ነበር። ከወጣቶቹ አላነስኩም።

ከሰዓት በኋላ ገብሱ ጎተራ ሲገባ ይስማው ጥቂት በጨርቅ ቋጥሮ ሰጠኝ። «ከአውድማ ባዶ እጅ አይኬድም።» ደመናው ግን ከምሥራቅ አልተነሣም። ቀጥሎ ተራው የደረሰው ጎረቤት ቆሞ ሸራውን ይዳብሳል፤ ለመጠየቅ ግን አፈረ።

«ደቦው እስኪዳረስ ሸራው እዚሁ ይቆይ» አልኩ።

«አንቱስ በምን ሊያድሩ?» አለ ይስማው።

«እሱን ለእኔ ተዉት።»

ዓርብ፣ ጋይንት

ሐሙስንም መደቡ ላይ አድሬ፣ በማለዳ ተነሥቼ፣ እየቀለለኝ ጋይንት ገባሁ፤ ያለ ድንኳን ሞተሬ ፈጣን ናት። የድጓ ትምህርት ቤቷን ቤተ ልሔምን ተሳለምኩ። በእርሻ መሐል ከቆሙት ዛፎች ሥር ዜማ ይፈስሳል፤ ስንት ዘመን ሳይቋረጥ እንደተማሩበት ሳስብ ቆቤን አወለቅሁ። አንድ በጣም ያረጁ የኔታ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጉዞዬን፣ ሙያዬን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኳቸው።

«ማን አስተማረህ፣ ልጄ?» አሉኝ። ልጄ!

«ራሴን በራሴ ነው፣ የኔታ።»

«ማንስ አረመህ?»

ይህንን ጥያቄ በሕይወቴ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። «ስማዳ ላይ አንዲት ወይዘሮ» አልኩ። «አምስት ጊዜ።»

«ተመስገን» አሉ የኔታ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከቤተ ልሔም ወዲያ አንድ መንደር ደረስኩ። ሜዳ አልፈለግሁም። ሞተሬን አጠፋሁ፣ ከአንድ አጥር ውጭ ቆምኩ። ስልሳ ስምንት ዓመት ከአፌ ያልወጣውን ጥሪ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጠራሁ።

«ቤት ለእንግዳ!»

ድምፄ አሁንም ያምራል። ሁለተኛ መጥራት አላስፈለገኝም።

«ቤት ለእግዚአብሔር! ይግቡ!» አለ ከውስጥ አንድ ሰው፣ ማንነቴን ገና ሳያይ።