አምስት ቋንቋ የሚናገረው ግራፍ

ጂንግ-ሁዪ እግሯ አያርፍም። ታይዋን ውስጥ፣ ታይናን ከተማ ባለው መሥሪያ ቤታችን ስድስት ዓመት አጠገቧ ስቀመጥ፣ ሻይዋን ሳይቀዘቅዝ ስትጨርስ አላየሁም። ሥራዋ ግራፍ የሚሠራው ፕሮግራማችን በአምስት ቋንቋ እንዲናገር ማድረግ ነው፤ ርዕሱ፣ ቁልፎቹ፣ ከመስመሩ ሥር የሚወጣው ጽሑፍ፣ ሁሉም። የእኛ ሁለት የቻይንኛ ፊደል በኢንዶኔዥያ ቋንቋ ሃያ ይሆንና ከሳጥኑ ያፈተልካል። እሷ ታዲያ ምሳዋን ትታ ብድግ ትላለች።

"ኧረ ተቀመጪ! ፊደሉ የትም አይሄድ!"

"አንተ ብላ፤ አንተን ምን አሳሰበህ!"

ያሳሰባት ሌላም ነበር። እናቷን ስትሮክ መትቷቸው አንደበታቸው ተይዟል፤ ከስተዋልም። ሐኪሙ እስከ ሐሙስ ከሠላሳ ዘጠኝ ኪሎ ካላለፉ በአፍንጫቸው የምግብ ቱቦ አስገባለሁ ብሏል። እናትየው ቱቦ የገባላትን ጎረቤታቸውን ባዩ ቀን አልቅሰዋል። ጂንግ-ሁዪ ይህን ስትነግረኝ እስክሪብቶዋን ሰበረችው።

አስታማሚያቸው ከኢንዶኔዥያ፣ ከጃቫ ደሴት የመጣች ዋርሲቲ የምትባል ሴት ናት። ዋርሲቲ የእናትየውን ኪሎ በየቀኑ እንድትመዘግብበት፣ ጂንግ-ሁዪ ፕሮግራማችንን በእሷ ቋንቋ ጫነችላትና፣ ምግብ ሲበዛ እናቷን ትን እንዳይላቸው ስለምትፈራ፣ "ምግቡን ግራፉ ይምራሽ፤ አደጋ ካሳየሽ ቀንሺ" አለቻት። የፕሮግራሙን አራት መቶ አሥራ ሁለት ቃላት አንድ በአንድ አይታቸዋለች። ኮራችበት፤ እኔም ኮራሁላት።

በመጀመሪያው ሳምንት ኪሎው ጨመረ። ከዚያ ወረደ፣ አሁንም ወረደ። ጂንግ-ሁዪ ከቢሮ ሆና ቤቷ በተተከለው ካሜራ እናቷን በስልኳ ታያለች። እናትየው ምሳቸውን በልተው ሳህኑን በእጃቸው ገፋ ያደርጉታል። "ይኸው፣ እምቢ አሉ!" እያለች ትንቆራጠጣለች።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ አላስቻላትም። በሞተር ብስክሌቴ አድርሻት አብሬያት ገባሁ። ሳህኑ ላይ ያለው ገንፎ ከግማሽ አይበልጥም።

"ዋርሲቲ፣ ገንፎውን ለምንድን ነው የቀነስሽው?" ብላ ጮኸችባት።

"እትዬ፣ እርስዎ አይደሉ ያሉኝ! ኪሏቸው ሲጨምር መስመሩ ቀይ ሆነ። ቀይ አደጋ አይደል? ቀነስኩ። ከዚያ አረንጓዴ ሲሆን፣ እሰይ ደህና ሆኑ ብዬ በዚያው ቀጠልኩ።"

ክው አልን። እኛ ዘንድ ቀይ ሠርግ ነው፣ የአዲስ ዓመት ገንዘብ የሚሰጥበት ፖስታ ነው። የአክሲዮን ዋጋ ሲወጣ ሰሌዳው ይቀላል፣ ሲወርድ አረንጓዴ ይሆናል፤ የግራፋችን ቀለምም ከዚያው የተቀዳ ነው። ከልጅነታችን ስለለመድነው ማንም ልብ አላለውም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። በራሳችን ተናደድኩ።

ጂንግ-ሁዪ ዋርሲቲን ይቅርታ ጠየቀቻትና ዓሣ የገባበትን የሩዝ ገንፎ ሞልታ አቀረበች። እናትየው ጠርገው በሉ። ከዚያም ሳህኑን እንደ ልማዳቸው ገፉት።

"በቃቸው" አለች ጂንግ-ሁዪ፣ ልታነሳው እጇን እየሰደደች።

"ኧረ ይጨመርልኝ ማለታቸው ነው እትዬ! ሁልጊዜ እንዲህ ይለምኑኛል። እኔ ነኝ ቀዩን ፈርቼ፣ አንጀቴን አስሬ የከለከልኳቸው።"

ያቺ ቁጭ ብላ የማታውቅ ሴት ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ ርቦሽ ነበር?"

እናትየው ሳህኑን እንደገና ገፋ አደረጉት።

ሐሙስ ዕለት ሚዛኑ ሠላሳ ዘጠኝ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም አለ። ሐኪሙም ቱቦው ይቅር አለ። ጂንግ-ሁዪ ግን አልሳቀችም። ያን ቀን ቢሮ አልተመለሰችም፤ ስደውልላት ዋርሲቲ ናት ያነሳችው። እናትየው ሳህኑን በገፉ ቁጥር ጂንግ-ሁዪ ገንፎ እየጨመረችላቸው ነው አለችኝ።