ኪዳኑ ያጨለመው ስክሪን

ኪዳኑ እንጅባራ ውስጥ ራዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን ሃያ ዓመት አልፎታል። የተበላሸ ዕቃ ሲያይ መጀመሪያ የሚያወጣው ካቻቢቴውን ነው፤ ካልፈታታው አያምንም።

ናርዶስ ከዳንግላ የመጣችው አምና ነው። ኮምፒውተር የተማረች፣ ሃያ አራት ዓመት እንኳ ያልሞላት ልጅ ናት። ሰው ሲደውልላት ብዙ ጊዜ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ "ከኋላ ያለውን ገመድ ነቅለው መልሰው ይሰኩት" ትላለች፤ ይሠራል። ይህን በሰማ ቁጥር ኪዳኑ ይበሽቃል።

"ገመድ መሰካት ምኑ ሙያ ነው!" አለ አንድ ቀን ለሚስቱ ለዘውድነሽ።

"ታዲያ የመምህርን ገመድ ለምን አንተ አልሰካኸውም?" አለችው።

ጡረታ የወጡት መምህር ገብረ ማርያም ሞኒተራቸው ጥቁር ብሎ እምቢ ሲላቸው መጀመሪያ የጠሩት ኪዳኑን ነበር። "ቦርዱ ተቃጥሏል፤ ሳምንት እኔ ጋ ይቆይ" አላቸው። እሳቸው ደግሞ የአካባቢውን የአዊኛ የቦታ ስሞች ሰብስበው እየጻፉ ስለነበር ሳምንት መጠበቅ አልሆነላቸውም። ናርዶስን ጠሩ። የላላ ገመድ አጥብቃ ሄደች። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ።

በሳምንቱ ኪዳኑ ሊጠይቃቸው የመጣ መስሎ ገባ። መምህሩ ስለ ልጅቷ ቅልጥፍና እያወሩ ውኃ ሊያመጡለት ወደ ጓዳ ሲያልፉ፣ እጁን ከሞኒተሩ ሥር ሰደደና የብርሃን መቀነሻውን ተጫነ። ስክሪኑ ደበዘዘ፤ ፊደሉ በጭንቅ የሚታይ ሆነ። "ነገ ያቺ ልጅ አበላሸችው ይላሉ" ብሎ እያሰበ ውኃውን ጠጥቶ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ዘውድነሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከፍቷት ነበር።

"መምህር ዓይናቸው እየጠፋ ነው አሉ፤ ኮምፒውተራቸው ላይ የጻፉትን እንኳ ማየት አቃታቸው። ነገ ለሕክምና ባሕር ዳር ይሄዳሉ።"

ኪዳኑ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያስር ሮጠ። መምህሩ ደብተሮቻቸውን በገመድ እያሰሩ አገኛቸው።

"ለትምህርት ቤቱ አድርስልኝ ልጄ። ከእንግዲህ እኔ አልጽፍም። ያቺ ልጅማ አሳምራ ነው የሠራችው፤ የጨለመው የእኔ ዓይን ነው።"

በዚያ ሰዓት እንኳ እሷ መመስገኗ ወጋው። ኮምፒውተሩን አበራ፤ ቁልፉን ተጭኖ ብርሃኑን መለሰው። ፊደሉ ቁልጭ አለ። መምህሩ ተጠግተው አዩ።

"የእግዚአብሔር ያለህ! ለካስ ዕቃው ኖሯል! አንተን የሚያህል ባለሙያ የት ይገኛል!"

ዓመት ሙሉ የተመኘው ምስጋና ይኸው ነበር። ዝም ብሎ ተቀብሎ ሊወጣ አሰበ፤ እስከ በሩም ደረሰ። ደብተሮቹን ሲፈቱ አይቶ ግን ተመለሰ።

"እኔ ነኝ ያጨለምሁት" አለ።

"ለምን?"

"እሷን እንዲቆጧት ብዬ።"

"ሦስት ቀን ሙሉ ዕውር ልሆን ነው ብዬ አለቀስሁ" አሉ መምህሩ። ውጣ አላሉትም፤ ተቀመጥም አላሉትም።

ነገሩን ለማንም አልተናገሩም። አሁን ሲቸግራቸው የሚደውሉት ግን ለናርዶስ ነው። በኪዳኑ ሱቅ በኩል በባጃጅ ስታልፍ "እንደምን ዋሉ ጋሽ ኪዳኑ!" ትለዋለች። እሱም ይመልሳል። ከዚያ የያዘውን ሥራ ትቶ፣ ባጃጇ ወደ መምህሩ ቤት እስክትታጠፍ ድረስ በዓይኑ ይከተላታል።