ይቅር የተባለችው አዋላጅ

ረቡዕ ረቡዕ የአሚሽ ሴቶችን በሚኒባሴ ጭኜ አዋላጇ ነርስ ዘንድ አደርሳለሁ። አሚሾች ሃይማኖታቸው ስለማይፈቅድላቸው መኪና አይነዱም። እኔ ጌይል ደግሞ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ ስወጣ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ስድስት ሰባት ሆነው ይሳፈራሉ፤ የግማሾቹ ሆድ አፍንጫቸው ደርሷል፤ ወዴት ናችሁ ብትሏቸው ግን ጨርቅ ልንገዛ ነው ይሏችኋል። እርግዝና በእነሱ ዘንድ ወሬ አይሆንም። ጭናቸው ላይ ባለው ከረጢት ውስጥ ለምርመራ የያዙት ሽንት በጃም ብርጭቆ ተከድኖ አለ፤ እሱም ወሬ አይሆንም። እኔም በመስተዋት ያየሁትን አልናገርም። ብናገር በማግስቱ የሚሳፈርልኝ የለም።

አዋላጇ አርዲት ኑስባውም ትባላለች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ድምፅዋ ጎርናና፣ እጇ ሰፊ። አሥራ ሁለት ዓመት ከተማ ነርስ ሆና ከሠራች በኋላ አዋላጅነት ተምራ፣ ተፈትና ፈቃድ አወጣች። የምስክር ወረቀቷን የሰቀለችው ከበሩ ጀርባ ነው። አሚሾች ኩራት ስለማይወዱ በሩ ሲከፈት ወረቀቱ ይሸፈናል።

ሥራዋ ማዋለድ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። የአሥራ ሦስት ዓመቷን ልጅ ስለ ወር አበባ የምታስረዳት እሷ ናት። የሰባ ዓመቷን የባርባራን ጡት ዳብሳ እብጠቱን ያገኘችው እሷ ናት። ስምንተኛ ልጇን ወልዳ በቃኝ ማለት አፍራ የምታለቅሰውን ሴት በሩን ዘግታ የምታዳምጣትም እሷው ናት። ደግሞ ፈሪ ናት። ለስድብ አይደለም የምለው። የእያንዳንዷን ሴት መዝገብ ሁለት ጊዜ ካላነበበች አትተኛም፤ የማትፈራ አዋላጅ ካየሽ እግሬ አውጪኝ በይ ትለኝ ነበር።

ይህ ፍርሃት የመጣው ከፋኒ በኋላ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ፋኒ የምትባል ሴት አራተኛ ልጇን ቤቷ ወልዳ ደሙ አልቆም አላት። አርዲት መርፌ ወግታ፣ ማህፀኗን እያሸች፣ አሁን ይቆማል፣ አሁን ይቆማል እያለች አንድ ሰዓት ጠበቀች። በሕጉ መሠረት አንድ ሐኪም ካልፈረመላት መሥራት አትችልም። ያ ሐኪም ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሌላ ሴት በከንቱ ላክሽብኝ፣ ከደገምሽው ፊርማዬን አነሣለሁ ብሎ አስፈራርቷት ነበር። አምቡላንሱ ሲደርስ ፋኒ ከንፈሯ ሁሉ ነጥቶ ነበር፤ ሆስፒታል ሳትደርስ ሞተች።

በቀብሩ ማግስት የፋኒ አባትና ሰባኪያቸው የፖም ፓይ የሚሉትን ኬክ ይዘው አርዲት ቤት መጡ። ይቅር ብለንሻል አሏት። ፓይውን ቆርሰው አብረዋት በሉ። በእነሱ ሥርዓት ይቅር የተባለ ነገር ዳግመኛ አይነሣም፤ ማንሣት ይቅርታን መልሶ እንደ መውሰድ ይቆጠራል። ሴቶቹ እንደ ቀድሞው እሷ ዘንድ መውለዳቸውን ቀጠሉ፣ የፋኒን ስም ግን በፊቷ የጠራ ሰው የለም። እኔ በውነቱ በይቅር ባይነታቸው እቀናባቸው ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይኸኛው ግን ውስጥ ውስጡን ነቅዞ ኖሯል።

ሰሎማ የፋኒ ታናሽ እህት ናት። ባለፈው መጋቢት ስድስተኛ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። የደም ግፊቷ ከፍ ከፍ ማለት ጀመረ። አርዲት አስቀምጣ ነገረቻት፦ ሽንትሽ ላይ ፕሮቲን ከታየ በዚያው ቀን ሆስፒታል ትገቢያለሽ፤ ይህ የእርግዝና ግፊት የሚባል በሽታ እናትን አንቀጥቅጦ የሚገድል ነው። ሰሎማ ራሷን ነቀነቀች። በሚቀጥለው ረቡዕ የባሏ እህት ኤድና ምንም ጉዳይ ሳይኖራት አብራት ተሳፈረች። በመስተዋቱ ሳይ ኤድና ከረጢቷ ውስጥ ያለውን ብርጭቆ አውጥታ ሰጠቻት፤ ሰሎማም የራሷን ወደ መቀመጫው ሥር ገፋችው። ማንም ማንንም አላየም። ወደ ውጭ ነበር ሁሉም የሚያየው።

አርዲት መመርመሪያውን ወረቀት በተሰጣት ሽንት ነክራ፣ ንጹሕ ነው ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። ከመጠበቂያው ክፍል ሆኜ ፈገግታዋን አየሁት። ሴቶቹን አድርሼ መኪናዬን ስጠርግ ያ ብርጭቆ ተንከባሎ መጣ። ውስጡ ያለው ሽንት የድፍርስ ወንዝ ውሃ ይመስል ነበር።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። እዚህ ላይ ራሴን አልምርም። ብናገር ሴቶቹ እኔን ብቻ ሳይሆን አርዲትንም ይሸሻሉ፣ ያን ጊዜ ማን ያያቸዋል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ለራሴ ነበር። ብርጭቆውን ጋራዥ ውስጥ ከቀለም ጣሳዎች ኋላ ደበቅሁት፤ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ግን ዓይኔ እዚያው ያርፋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ለስንቱ ስተርት የኖርኩ ሴት፣ የሰው በሽታ ደብቄ ቁጭ አልኩ።

ዓርብ ረፋዱ ላይ የሰሎማ ባል አማኑኤል፣ ቤታቸው ስልክ ስለማያስገቡ፣ መንገድ ዳር ካለችው የስልክ ጎጆ ደወለ። የፈረስ መኖ የሚያመጣበት መኪና ፈልጎ ነው። ሲጨርስ ሰሎማ ራሷን አሟት ተኝታለች፣ ብርሃን ስታይ ብልጭታ ይታየኛል ትላለች አለኝ፤ እንደ ዋዛ ነው የነገረኝ። ብርጭቆውን ይዤ አርዲት ዘንድ በረርኩ።

አርዲት ሰምታኝ ስትጨርስ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አቅርባ አየችው። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር።

"መቼ ነው ያገኘሽው?"

"ረቡዕ።"

ሌላ አልጠየቀችኝም። ስልኩን አንሥታ አምቡላንስ ጠራች።

"ሳታያት?" አልኳት።

"ሳላያት" አለች። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ነበር የሳተችው።

እኛ ቀደምን። ሰሎማ መጋረጃው ተዘግቶ ተኝታ ነበር። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠብቧል። አርዲት ግፊቷን ለካች፤ የመለኪያውን ጨርቅ እንደገና አሠረችና ደግማ ለካች። ቁጥሩን ለማንም አልተናገረችም። መንቀጥቀጥ የሚከላከለውን መርፌ ወጋቻት፤ ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"ለምን ደበቅሽኝ?"

አማኑኤል በሩ ላይ ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል።

"ሆስፒታል እፈራለሁ ብልሽ ለምን ትይኛለሽ" አለች ሰሎማ። "ለምን ካልሽኝ ደግሞ የፋኒ ስም ይመጣል፤ ወደዚያ ሲወስዷት ነው የቀረችው። ይቅር ብለንሻል እኮ።"

አርዲት ልትመልስላት አፏን ስትከፍት የሰሎማ መንጋጋ ገጠመ። ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ፤ ሰውነቷ በሙሉ አልጋውን ይዞ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አርዲት በጎኗ አስተኝታ ያዘቻት። ያዢያት ስትለኝ እግሯን ያዝኩ፤ ሳምንቱን ሙሉ እጄ ላይ ያ መንቀጥቀጥ አልለቀቀኝም። አማኑኤል ተንበርክኮ በራሳቸው ቋንቋ ይጸልያል። አቆመላት ስንል እንደገና ጀመራት። የአምቡላንሱ ድምፅ ሲሰማ ፈጣሪዬን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔ ዝም ላልኩባቸው ሁለት ቀናት እሷን እንዳያስከፍላት።

በቀዶ ሕክምና ወንድ ልጅ ወለደች፤ ከፈረስ ኮቴ ብዙም የማይበልጥ፣ በሙቀት ሣጥን ውስጥ የሚተነፍስ። እሷ ግን ሦስት ቀን ራሷን ሳታውቅ ቆየች። አርዲት እዚያ ሆስፒታል የመሥራት ፈቃድ ስለሌላት እንደ ማንኛውም ጠያቂ ኮሪደር ላይ ወንበር ይዛ ተቀመጠች። ሂጂና እረፊ ብላት አልሰማችኝም። ለሰው የሚበላውን እንኳ ማዘዝ የለመድኩት እኔ አላዘዝኳትም፤ አብሬያት ተቀመጥኩ።

በአራተኛው ቀን ሰሎማ ዓይኗን ገለጠች። ሐኪሙ ትድናለች አለን። አማኑኤል ልጁን ሊያይ ሲሄድ እኔና አርዲት ገባን። ከዚያ አርዲት በስድስት ዓመት ውስጥ ማንም ያላለውን ነገር አለች።

"ይቅርታችሁን መልሰሽ ውሰጂው። ለእኔ ዝም የሚል ሰው አይጠቅመኝም። የምትፈሪውን ንገሪኝ፣ የተቆጣሽውንም ንገሪኝ።"

ሰሎማ ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሣች። ፋኒ ደም በፈሰሳት ቀን አልጋዋ አጠገብ ማን እንደነበረ ሁላችንም ረስተን ኖሯል።

"የፋኒን እጅ ይዤ ነበር" አለች። "ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅሽ። እያየሁሽ ነበር።"

"አዎ" አለች አርዲት። "ጠበቅሁ።"