ደምሌና አርባ ሜትሩ ሽቦ

ባለቤቴ ደምሌ ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ ሲጠግን አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ግን ሰልችቶታል። የመበየጃ ካውያው ጭስ ዓይኑን አቅልቶታል፤ ምሳውን ሳቀርብለት እንኳ ቀና አይልም።

ኅዳር ላይ የአንዲት ገጠር ማርያም ማጉያ መጣለት። ሁለት ሣጥን ነው፤ ማይክ የሚሰካበት ትንሹና ጉልበት ያለው ትልቁ። የትንሹ አይሲ፣ ድምፁን የምታጎላው ባለ ብዙ እግር ጥቁር ዕቃ፣ ተቃጥላ ነበር። አምሳያዋን ገበያ ላይ ስላጣ፣ ሻጩ «ይቺ ፈጣን ናት፣ ትበልጣለች» ያለውን ገዝቶ ተካ። እግሮቿ በልክ ገቡ፤ ድምፁም ጥርት አለ። በንግሡ ዕለት ግን ቅዳሴው መሐል ድምፁ ሻከረ፣ አይሲዋም ነደደች። በማግሥቱ ገበያው ሁሉ «የደምሌ ማጉያ ከዲያቆኑ ቀድሞ ደከመው» እያለ ሳቀ።

ጥር ማርያም ስትደርስ የዚያችው ደብር መሪጌታ ገብረ መድኅን ያንኑ ማጉያ በበቅሎ ጭነው መጡ።

«ሰበካ ጉባኤው ማጉያው ለጥገና ደብረ ታቦር ይሂድ ብሎ ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ይሞክር ያልሁ እኔ ነኝ። አሁን ከከሸፈ አንተም ከእኛ ሥራ የለህ፣ እኔም ጉባኤው ፊት አፍ የለኝ።»

ደምሌ ሌላ ስላላገኘ ያቺኑ ዓይነት አይሲ ተከለ። እንደ ኅዳሩ ጥርት ብሎ ሠራ። መሪጌታ ሊጭኑ ሲነሡ፣ እዚህ ደኅና ሠርታ እዚያ መንደዷ ከንክኖት ያዛቸው።

«መሪጌታ፣ እዚያ እንዴት ነው የምታስቀምጡት?»

«ትንሹ ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ ትልቁ ከጄኔሬተሩ ጋር ከግቢው ጥግ ነዋ! ጩኸቱ ቅዳሴ እንዳይረብሽ።»

«በመካከሉስ?»

«አርባ ሜትር ሽቦ። ይኸው ከበቅሎዋ ላይ።»

ደምሌ ግንባሩን ያዘ። ኅዳር ላይ የሞከረው ክንድ በማትሞላ ሽቦ ነበር። እኛ አገር ሰው ሣጥኑን እንጂ ሽቦውን ለጥገና አያመጣም፤ እሱም አልጠየቀም።

ሽቦውን በአጥሩ ዙሪያ ዘረጋን። ሕፃኗን አዝዬ፣ ደምሌ እንዳዘዘኝ ሬዲዮዬን ጣቢያ ከሌለበት ላይ አድርጌ ከትንሹ ሣጥን አጠገብ ቆምሁ። ሽቦው ሲገናኝ ሬዲዮው ፉጨት ለቀቀ። ማይኩ ላይ ማንም አልተናገረም፤ ከማጉያውም ምንም አይሰማም።

«ጆሮ የማይሰማው ጩኸት ነው» አለ ደምሌ። «አይሲዋ ፈጣን ስለሆነች ረጅሙ ሽቦ እየረበሻት በራሷ ትንቀጠቀጣለች። እስቲ ንኪያት።»

ጣቴን አቃጠለችኝ።

አጥፍቶ ከአይሲዋ እግር ሥር ኃይሏን የምታረጋ ትንሽ ካፓሲተር ጨመረ። ፉጨቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ቀጥሎ ሽቦው ከሚነሣበት ላይ የሽቦውን ረብሻ የምትገታ አንዲት ሬዚስተር አስገባ። ሬዲዮው ዝም አለ። ሽቦውን ነቅሎ መልሶ ሰካው፣ ማይኩ ላይ ጮኸ፤ ፉጨት የለም።

«በቃ?» አሉ መሪጌታ።

«አልበቃም። ለአራት ሰዓት ያህል በርቶ ይቆይ።»

«በቅሎዋም አብራን ትጹም በለኛ!»

በየግማሽ ሰዓቱ አይሲዋን የምነካው እኔ ነበርሁ። አራተኛው ሰዓት ላይ መሪጌታ ራሳቸው ጣታቸውን ሰደዱ።

«ለብ ብላለች እንጂ አትፋጅም» አሉና ሣጥኖቹን መጫን ጀመሩ። «ለጉባኤው ምን ልበል?»

«ሽቦውን ቀጥላችሁ አታስረዝሙ በሉልኝ። ከረዘመ ተመልሰው ይምጡ፣ እንደገና እፈትሻለሁ።»

«እሱንማ እኔው እጠብቀዋለሁ» ብለው በቅሎዋን ነዱ።