ብሬከሩ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት

ገላችሁን ልትታጠቡ ገብታችሁ የቧንቧው እጀታ ነዝሯችሁ ያውቃል? ይህን ስጠይቅ ብዙ ሰው "አዎ" ይልና ይስቃል። እዚህ ወላይታ ሶዶ ውስጥ መድኃኒቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ በነጠላ ጫማ መግባት፣ እጀታውን በፌስታል መጠቅለል። እኔ ራሴ በተከራየሁበት ግቢ ሁለት ዓመት እንዲሁ እያደረግሁ ታጥቤያለሁ። ያውም የኤሌክትሪክ ሥራ አስተማሪ ሆኜ። ቀን ቀን ተማሪዎቼን ስለ አደጋ አስተምራለሁ፤ ጠዋት ጠዋት በፌስታል የተጠቀለለ ቧንቧ እከፍታለሁ።

ጃኩዚ በሚሉት ትልቅ የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ግን ነጠላ ጫማ አይሠራም። የሚታጠበው ሰው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ነው፤ ከጎኑ ደግሞ ውሃውን የሚገፋ ሞተር አለ። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ነገር ላስረዳ።

ለተማሪዎቼ ሁለት በርሜል እሥልላቸዋለሁ። አንዱን እስከ አፉ ሙሉት፤ ሌላውን ባዶ ተዉት፤ ከሥር በጎማ አገናኟቸው። ውሃው ከሙሉው ወደ ባዶው ይሮጣል፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ይቆማል። ኤሌክትሪክም የሚሮጠው ልዩነት ሲያገኝ ነው። አንድ እጃችሁ ሙሉውን፣ ሌላው ባዶውን ከነካ ጎማው እናንተ ናችሁ። ይህ እንዳይሆን በገንዳው ዙሪያ ያለውን ብረት ሁሉ፣ የሞተሩን አካል፣ ቧንቧውን፣ የፍሳሹን ቀለበት፣ በአንድ ወፍራም የመዳብ ሽቦ እናስተሳስራለን። ያኔ ሁሉም እኩል ይሆናሉና በመካከላቸው ባለ ሰው ውስጥ የሚሮጥ ነገር አይኖርም። በሙያው ቦንዲንግ ይባላል። ወደ መሬት ከሚወርደው ከኤርዝ ሽቦ ጋር አብሮ ይሠራል እንጂ አይተካውም።

ይህን ሳስረዳ ደስ ይለኛል። ያን ቀንም ደስ ብሎኝ ነበር።

የደወሉልኝ የአንድ ፔንሲዮን ባለቤት ናቸው። አባታቸው ከጉራጌ አገር ለንግድ መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ እሳቸውም እዚሁ ተወልደው የሸመገሉ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው። ከላይኛው ፎቅ ላይ የሙሽሮች ክፍል የሚሉት አላቸው፤ ጃኩዚው ያለው እዚያ ነው።

"ቲቸር፣ ጽዳቷ ገንዳው ነከሰኝ ትላለች" አሉኝ። "ውሃ ጥርስ ማብቀል ጀመረ እንዴ? እስቲ መጥተህ እየው።"

ሐሙስ ከክፍል በፊት ሄድኩ። ጽዳቷ ከበሩ አጠገብ ባልዲዋን ይዛ ቆማለች። ተበላ ከምትባለው ከተማ የመጣች፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው።

"የት ጋ ነው የነከሰሽ?" አሏት ባለቤቱ።

"እዚህ" ብላ ክርኗን ነካች። "አንዱ እጄ ውሃ ውስጥ ነበረ። በሌላው ቧንቧውን ስይዝ..."

"ነጠላ ጫማ አድርጊ አላልኩሽም?"

"አድርጌ ነበር ጋሼ። እጄ ጫማ የለውም።"

ሦስታችንም ሳቅን።

ከገንዳው ጎን ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ከፍቼ በስልኬ መብራት አየሁ። ከሞተሩ የሚወጣው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ በፒንሳ ተቆርጦ ጫፉ በቴፕ ተጠቅልሏል። ይህ በከተማችን በየቤቱ ያለ ነው። የቤቱ መስመር በሁለት ሽቦ የተዘረጋ ስለሆነ ገጣሚው ሦስተኛውን ትርፍ ነው ብሎ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ግን ኤርዙ ነው። ብረቶቹን የሚያስተሳስር ሽቦ ጭራሽ አልተዘረጋም። ሞተሩን አስነስቼ የቮልት መለኪያ ሜትሬን አንዱን ጫፍ በሞተሩ አካል፣ ሌላውን በቧንቧው ላይ ሳሳርፍ ቁጥሩ መቶን አለፈ። ሞተሩ እርጥበት ገብቶት ኤሌክትሪኩን ወደ አካሉ እያፈሰሰ ነበር።

ከባለቤቱ ጋር ታች ወዳለው ቢሮ ወርደን፣ በርሜሎቹን በወረቀት ላይ ሥዬ ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዳኋቸው። የመስመሩ ማጥፊያ ብሬከር ለምን በራሱ ወርዶ ኤሌክትሪኩን እንደማይቆርጥ ሳይቀር ነገርኳቸው፤ ተራ ብሬከር ሽቦን ከቃጠሎ ለማዳን የተሠራ ነው፤ ሰውን ለመግደል የሚበቃው ደግሞ ለእሱ ከቁጥር የማይገባ ትንሽ ነገር ነው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

"ቅዳሜ ግን ሙሽሮች ይገባሉ" አሉ በመጨረሻ።

"ክፍሉን ይስጧቸው ጋሼ፣ ገንዳውን ግን አይስጧቸው።"

"ጃኩዚ አለው ብዬ እኮ ነው የሰጠኋቸው! ሙሽራዋን በባልዲ ላጥባት?"

"ከቀብር ባልዲ ይሻላል።"

"አፍህን በሎሚ!" አሉና ሳቁ። ኤሌክትሪሻን ለሰኞ ሊጠሩ፣ እስከዚያ ገንዳው ላይነካ ተስማማን።

የክፍል ሰዓቴ ደርሷል፤ ከሜትሬ በቀር መሣሪያም አልያዝኩም፤ መፍቻ ግን ከባለቤቱ መዋስ እችል ነበር። የሞተሩን መስመር ከብሬከሩ ሳጥን ነቅሎ ጫፉን ለማሸግ አሥር ደቂቃ ይበቃ ነበር፤ አልነቀልኩትም። ወደ ክፍሉ ተመልሼ ብሬከሩን አወረድኩና በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ ማስጠንቀቂያ ጻፍኩ። "አደጋ!" ብዬ በቀይ አሰመርኩበት። ከሥሩ አምስት ነጥቦች፣ በተራ ቁጥር፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። ብሬከሩ ላይ ከለጠፍኩት በኋላ ለተማሪዎቼ ላሳያቸው ፎቶ አነሳሁት። ስወጣ ጽዳቷ አሁንም እዚያው በሩ ጋ ነበረች። "ደህና ዋይ" ብያት በአጠገቧ አለፍኩ። እኔ ከእናቴ ጋር የማወራው በወላይትኛ ነው። የእሷም የቤት ቋንቋ እሱ ነው፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብነግራት ጥቂት ሰከንድ ይበቃ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት የሆነውን ኋላ ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ። ባለቤቱ ለለቅሶ ወደ ቤሌ ሲሄዱ "የሙሽሮቹ ክፍል ይዘጋጅ" ብለው ነበር የሄዱት፤ ስለ ገንዳው አልነገሯትም። መታጠቢያ ቤቱ ጨለማ ሆነባት። መብራቱና ሞተሩ በአንድ ብሬከር ነው የሚሠሩት። ሶዶ ውስጥ መብራት ሄዶ ሲመጣ ብሬከር ይወርዳል፤ የወረደ ብሬከር ደግሞ ይነሳል። ልጅ አዋቂው ያነሳዋል፤ ማንም ለምን ወረደ ብሎ አይጠይቅም። ወረቀቱን አይታዋለች። የመምህር ወረቀት ስለሆነ እንዳይቀደድ ጠርዙን በጥፍሯ ቀስ ብላ ላጠች፤ ብሬከሩን አነሳች፤ ወረቀቱን መልሳ ለጠፈች። መምህሩ አይቶት ስለሄደ ተሠርቷል ብላ ገንዳውን ሞልታ፣ ቆሻሻው ከቀዳዳዎቹ እንዲወጣ ሞተሩን አስነሳች። ግራ እጇ ውሃ ውስጥ እያለ በቀኟ ቧንቧውን ያዘች።

መልቀቅ አልቻለችም። ያዳናት ሰው አይደለም። በዚያው ቅጽበት የሰፈሩ መብራት ጠፋ።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄጄ ከመስኮት አይቻት ተመለስኩ። ለመግባት አልደፈርኩም። ማታ ባለቤቱ ደወሉ። "ቲቸር፣ እንኳንም ጻፍክ!" አሉ። "ወረቀትህ ከጉድ አወጣን። ብሬከሩን ያነሳችው ራሷ ናት፤ ተጽፎ እያየች።" ምን እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። የማስታውሰው እፎይ ማለቴን ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ቤተሰቦቿ ባለቤቱ እስክትድን እንዲያሳክሟትና ስትድን ወደ ሥራዋ እንዲመልሷት ጠየቁ። ባለቤቱ ደግሞ ጥፋቱ የእሷ ነው አሉ። ጥፋቱ የእሷ ከተባለ ሕክምናውም ሥራውም ይቀራል፤ ሌላ ቦታ የሚቀጥራትም አይኖርም። ሚኒባስ ተሳፍረን ተበላ፣ አባቷ ቤት ሄድን። ባለቤቱ ወረቀቱን በፕላስቲክ ክላሰር ይዘውት ነበር። ምስክራቸው እኔ ነኝ።

እሷ ከጥግ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ አርፏል። አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን ተቀብለው ራቅ አድርገው አዩትና መለሱት።

"መምህር፣ አስጠንቅቀሃታል ወይ?" አሉኝ።

"ጽፌ ነበር" አልኩ።

እሷ ቀና አለች። "ቲቸር፣ ምን ነበር የሚለው?"

ባለቤቱ ከት ብለው ሳቁ፤ ሌላ የሳቀ የለም። ወረቀቱ የተጻፈው በአማርኛ ነው፤ እሷ የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የተማረችውም በወላይትኛ ነው፤ ወላይትኛ ደግሞ በትምህርት ቤት በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። አማርኛን ገበያና ሥራ አፏ ላይ አኖረላት እንጂ ፊደሉን ያስቆጠራት የለም። ይህን እኔ አላውቅም ማለት አልችልም። እኔም በዚያው ዓይነት ትምህርት ቤት ነው የጀመርኩት።

አምስቱን ነጥቦች በወላይትኛ አነበብኩላት። ሦስተኛው ላይ "ብሬከሩን በምንም ምክንያት እንዳታነሱ" ይላል። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"በሩ ጋ ቆሜ ነበር" አለች። "አይተኸኝ ነበር።"

"አይቼሻለሁ።"

"ወረቀቱ የጋሼ የሥራ ነገር መስሎኝ ነበር።"

ሽማግሌው ጥያቄያቸውን ደገሙት። አሁን ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ ባለቤቱም ዓይናቸውን አልነቀሉም። "አላስጠነቀቅኳትም" አልኩ። "ወረቀቱን የጻፍኩት ለሚያነብ ሰው ነው። ለእሷ አንድ ቃል አልነገርኳትም። ሽቦውንም መንቀል ስችል ትቼው ሄድኩ።"

ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የእሷ ነው ያለ የለም። ባለቤቱ ሊያሳክሟት ተስማሙ፤ ቃላቸውንም ጠብቀዋል። ኤርዙ ተቀጥሏል፣ ሞተሩ ተቀይሯል፣ ብረቶቹም ተሳስረዋል፤ ሽቦውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ግን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም አይሉኝም። የእሷ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፤ ጨርቅ መጭመቅ ስለማትችል ወደ ጽዳት ሥራ አልተመለሰችም። ተበላ ገበያ ውስጥ በግራ እጇ ቲማቲም ስትሸጥ አይቻታለሁ። ጥሩ አድርጋ ትሸጣለች። በግራ እጅ መስጠትና መቀበል ነውር ስለሆነ ግን ሰው ፊት ታፍራለች።

እናንተም እስቲ ይህን ሞክሩት። ብሬከር አውርዳችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ያንን ክፍል የሚያጸዳውን ሰው ጥሩ። በቤቱ በሚናገርበት ቋንቋ፣ በአፋችሁ፣ ምን እንዳይነካ ንገሩት። ከዚያ ዝም በሉና የነገራችሁትን መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁ። ካልቻለ እንደገና ንገሩት፤ የክፍል ሰዓት ቢረፍድባችሁም።