ለአባባ የተሰጠ ሙገሳ

ሰሞኑን ልጄ ለእንግሊዝኛ ፈተና ስትዘጋጅ የ«ቻይልዲሽ» እና የ«ቻይልድላይክ» ልዩነት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የመጀመሪያው ስድብ ነው፤ ዕድሜው ሄዶ ያልበሰለ ሰው ይባልበታል። ሁለተኛው ሙገሳ ነው፤ እንደ ልጅ ልበ ንጹሕ ማለት ነው። መዝገበ ቃላቱ የሚለውን ነገርኳት እንጂ እኔ ሙገሳውን ማመን ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ያደግሁት ላሊበላ አጠገብ፣ ገነተ ማርያም ነው። አባባ ቄስ ነበሩ፤ ዓመቱን ሙሉ እንፈራቸዋለን። የገና ዕለት ከሰዓት ግን ጥምጥማቸውን ለእማማ ሰጥተው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ገብስ በታጨደበት ማሳ ላይ ከእኛ ጋር ገና ይጫወቱ ነበር። ሩሯ ስትመታ የሚነሳው የአፈርና የገለባ ሽታ ዛሬም አይጠፋኝም። ያጭበረብሩም ነበር፤ ሩሯን በእግራቸው ገፋ ያደርጓታል። ስንጮህባቸው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይሉናል። ማን ይመልስላቸዋል?

አንድ ዓመት ቤተ ክርስቲያኑን ሊያይ የመጣ ፈረንጅ ማሳው ዳር ቆሞ ሲያያቸው ቆየና ፈገግ ብሎ ለአስጎብኚው አንድ ነገር ተናገረ። አስጎብኚው የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ደስ ብሎት «ቄሱ እንደ ሕፃን ናቸው ይላል» ብሎ ተረጎመ። ሳቁ ሁሉ ቀጥ አለ። አባባ ጥምጥማቸውን ጠየቁ።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን እዚያው ስለነበር በማግስቱ ነገሩን ሊያበርድ ቤት መጣ። ፈረንጁ የተናገረው ሁለተኛውን ቃል እንደሆነ፣ ከስድቡ በምን እንደሚለይ ዘርዝሮ አስረዳ።

«ሙገሳ ነው፣ አባ» አላቸው።

አባባ እስኪጨርስ አዳመጡት።

«ለገዛ አባቱ ይለዋል?»

በሚቀጥለው ገና አባባ ዱላቸውን ለእኔ ሰጥተው ዳር ቆሙ። ሩሯ አጠገባቸው ስትደርስ እንኳ ቀና ብለው መንገዱን ያያሉ፤ እንግዳ ይኖር እንደሆነ። ዳግመኛ አልተጫወቱም።

ይህን የሚሰሙ ወዳጆቼ አጉል ኩራት ነው ይሉኛል። እኔ የአባባ ጥርጣሬ ልክ ነበር ባይ ነኝ። ዛሬም አንዱ መጥቶ «የላስታ ሰው የዋህነቱ!» ሲለኝ፣ ቀጥሎ ምን ሊል ነው ብዬ እጠብቃለሁ። ብቻ ልክ መሆናቸው ለእኛ ለልጆቻቸው ምንም አልበጀን። አሁን ለገና ላሊበላ ስሄድ በየጥጋቱ ስልክ ተደቅኗል። ያኔ ማን እንዳለ ሳናውቅ እንስቅ ነበር፤ አሁን ከመሳቃችን በፊት ማን እንደሚያየን ዞር ብለን እናያለን።